የአቶ ድንበሩ መቶ ሃያ ካቻቢቴ

ምላሷ እንደ ምላጭ የሰላ አንዲት ሞባይል ጠጋኝ ነበረች። የምትሠራው በአቶ ድንበሩ ሕንጻ በረንዳ ላይ፣ እጀታቸው በጎማ በተጠቀለለ አራት አሮጌ ካቻቢቴዎች ነው። አንድ ቀን ባለሕንጻው ራሳቸው ከች አሉ፤ ባንድ እጃቸው ተፈታቶ የተበታተነ ስልካቸውን በፌስታል፣ በሌላው የሚያብረቀርቅ ሣጥን ይዘዋል።

«ከዱባይ ያስመጣሁት ነው፤ መቶ ሃያ ካቻቢቴ!» አሉ ሣጥኑን ለመንገደኛው ሁሉ እያሳዩ። «ስልኬን በገዛ እጄ የፈታሁት በዚህ ነው። መግጠሙ ግን የሎሌ ሥራ ስለሆነ ላንቺ አመጣሁት።»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ በነዚያው በአራቱ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አሰረች። ስልኩ ነፍስ ዘራ። የቆመው ሰው ሲስቅ ጊዜ አቶ ድንበሩ ደማቸው ፈላ።

«በይ እንግዲህ ፍረጂ! የማናችን ካቻቢቴ ይበልጣል? የኔን ከመረጥሽ ያንቺን አሁኑኑ ቆሻሻ ውስጥ ትጥያለሽ፤ ያንቺን ከመረጥሽ በረንዳዬን ለቀሽ ትወጫለሽ!»

እሷ ግን ስልኩን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ኧረ ጌታዬ፣ አንዱንም አያስጥሉኝ፤ እንጀራዬ በሁለቱም ነው። የእርስዎ ሣጥን ደንበኛ ያመጣልኛል፤ የኔዎቹ ደግሞ ገጥመው ይሸኙልኛል።»