የቦዬ አናት ወደ ጉድጓዱ የሚመለስበት ምክንያት

በደቡብ ምዕራብ ደን ውስጥ፣ ሾሪ በሚባለው ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ቦዬ የሚባለውን የዱር ሐረግ ሲቆፍሩ የሚበላውን ሥሩን ብቻ ወስደው ከሐረጉ የሚያያዝበትን አናቱን ወደ ጉድጓዱ ይመልሱታል፤ አፈሩንም በተረከዛቸው ጠቅጠቅ አድርገው ጥቂት አረፍ ይላሉ። ቸኩሎ የሚነሣ ቢኖር ሽማግሌዎቹ «ምን ያሯሩጥሃል?» ብለው ያስቀምጡታል። ይህ ልማድ ዳምቴ ከምትባል ሴት የመጣ ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ የዳምቴ ወገኖች የሜዳ ሰዎች ነበሩ። ዝናብ ጠፍቶ ሣሩ ሲያልቅ፣ የሚያድኑትም አውሬ ሲሰደድ፣ ታላቅ ወንድሟ ሻዎ እየመራቸው ወደ ደኑ ገቡ። አረንጓዴ ስለሆነ ጥጋብ ያለበት መስሏቸው ነበር። ገብተው ሲያዩት ግን ፍሬው እጅ ከማይደርስበት ከዛፍ ጫፍ ላይ ነው፤ ሩቅ ማየት የለመደው አዳኝ ከቅጠል በቀር የሚታየው የለም፤ እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ እሳት ማንደድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ቁስል አይደርቅም። የሚበላ ያገኙት ከመሬት በታች ያለውን ቦዬ ብቻ ነበር፤ እሱንም ካንድ ሥፍራ ነቅለው ሲጨርሱ ሻዎ «ተነሡ» ይላል፣ ይነሣሉ፤ ሌላውንም ይጨርሳሉ፣ ደግሞ «ተነሡ» ይላል። በተነሡ ቁጥር ሳይነሣ የሚቀር ሰው ነበር።

ሾሪ ዳር ሲደርሱ የዳምቴ ልጅ በንዳድ ሞተች። ዳምቴ ራሷ ቆፍራ ቀበረቻት። በማግስቱ ሻዎ እንደልማዱ መጣ።

«እንሂድ እህቴ። እዚህ ጣፋጩ ቦዬ አልቋል፤ የቀረው መራራው ነው።»

«ሂዱ።»

«ብቻሽን ምን ትበያለሽ?»

«እንጃ። ደክሞኛል፣ ሻዎ። አንተም ደክሞሃል፤ ግን አትናገርም።»

ሻዎ ዓይን ዓይኑን የሚያዩ ሌሎች ሰዎች ስለነበሩ፣ እያመነታም ቢሆን ይዟቸው ሄደ።

ዳምቴ መራራውን ቦዬ ቆፍራ ብትጠብሰው ጉሮሮዋን አቃጠላት። የተረፈውን እንዳይበላሽባት ከትክታ በሐረግ ቅርጫት ወንዙ ውስጥ ትታው፣ ርሃቡ ሲብስባት ተመልሳ ብትቀምሰው ውኃው ምሬቱን ወስዶታል። ከዚያ ወዲያ በዚሁ ኖረች። የማይበላውን አናቱን ግን፣ ከርከሮ ሽታውን ተከትሎ መጥቶ የልጇን መቃብር እንዳይምስ ብላ፣ በየጉድጓዱ እየከተተች አፈር ትመልስበት ነበር። ልትተክል አስባ አይደለም። ክረምቱ ሲያልፍ ግን በመቃብሩ ዙሪያ ሐረግ ወጥቶ ዛፎቹ ላይ ተጠመጠመ፤ ሥሩን ብትቆፍረው ወፍሯል። ያኔ ነው አናቱን አውቃ መቅበር የጀመረችው ይላሉ።

ሌሎቹ የሚነቀል ቦዬ አልቆባቸው ተመልሰው ሲመጡ ከሄዱት እኩሌታው እንኳ አልነበሩም። ሻዎ የሚወድቁትን እየደገፈ ከሁሉም ኋላ ደረሰ። ሐረጉን አየ፣ ውኃ ውስጥ የተቀመጠውን ቅርጫት አየ።

«ማን አሳየሽ?» አላት።

«ማንም። መሄድ አቅቶኝ ተቀመጥኩ።»

ሻዎ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ያኔ አብሬሽ ብቀመጥ ኖሮ» አለ፤ ቀሪውን አልጨረሰውም። ዳምቴ አላጽናናችውም፣ አልወቀሰችውምም። ሌሎቹ እሳቱን ከበው ሲጠብቁ የመጀመሪያውን ቁራሽ ከአመዱ አወጣች፤ በቅጠል ይዛ በመካከላቸው አለፈችና ለእሱ ሰጠችው።

«ብላ» አለችው። «ከእንግዲህ ተነሡ አትበል።»

ያ ሕዝብ ከሾሪ ዳር አልተነሣም። ዛሬም በዚያ አገር ቦዬ ተጠብሶ ሲወጣ የመጀመሪያው ቁራሽ ለሽማግሌ ወይም ለቆፈረው ሰው አይሰጥም፤ ከሁሉ ዘግይቶ ለመጣው ይሰጣል፤ ለምን እንደዘገየም የሚጠይቀው የለም።