ልብ ደጅ እስኪደርስ

ጦይባን የበደሏት ሸህ ኑርዬ ናቸው። እንዲህ ያለችው ራሷ ጦይባ ናት፤ ያውም ምንጩ ራስ ላይ ቆማ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እየሰማ።

ነገሩ የሆነው በአንዲት የጥንት ከተማ ነው። ሸህ ኑርዬ ለደረሶች ኪታብ እያስቀሩ የሚያስተምሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ አዛውንት ነበሩ። ድምፃቸው ግን ሻካራ ነው፤ ሲመርቁ እንኳ የሚቆጡ ይመስላሉ። ጦይባ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንገቷን ለማንም ያልሰበረች ሴት ናት። ምላሷን ሰው ይፈራዋል፤ እሷም መፈራቱን ትወደዋለች።

አንድ ማለዳ ልጇ ጓዟን ተሸክማ ከባሏ ቤት ተመለሰች። ከወንዝ ማዶ ያለው አማች «ፍች ነው» ብሏል። ይሄኔ ጦይባ ያን ኩሩ አንገት ሰብራ ሸህ ኑርዬ ደጅ ቆመች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሸሆች! ልጄ ተመልሳብኛለች። ይሂዱና ይለምኑልኝ።»

መልስ የለም። ደግማ ተጣራች። ከውስጥ «እህህም!» የሚል ወፍራም የጉሮሮ ድምፅ መጣ፤ ሌላ ቃል አልተከተለውም።

ፊቷ በጥፊ እንደተመታ ሰው ጋለ። በዚያች «እህህም» ውስጥ ስንቱን ሰማች! «የእናቷን ምላስ ወርሳ ነው» ሲሉ ሰማች። «ደግ አደረጋት» ሲሉ ሰማች። በቀጥታ ወደ ምንጩ ወርዳ ራሱ ላይ ካለው ድንጋይ ወጣች።

«አያችሁልኝ የኪታብ ሰው! የአላህን ሰላምታ እንደ በሬ አጉረምርሞ የሚመልስ! ጥምጣሙን አየን እንጂ ሰውየውን ማን ሸህ አለው?»

ሴቶቹ ማድጋቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

ሸህ ኑርዬ ግን የረፋዱን የዱሃ ሶላት እየሰገዱ ነበር። ጉሮሯቸውን የጠረጉት «አለሁ፣ ታገሺኝ» ለማለት ነው። ሶላቱን ጨርሰው፣ አሰላምተው ደጅ ሲወጡ ማንም የለም። ልመናዋን ግን ሰምተውታልና ከዘራቸውን አንስተው ወንዙን ተሻገሩ።

ከሰዓት በኋላ፣ አሱር ላይ አማችየውን አስከትለው ሲመለሱ ሴቶቹ ምንጩ ዘንድ አገኟቸውና ስድቡን አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

«ኧረ ይርገሟት፣ ሸሆች!» አለች አንዷ።

«የሰማችው የኔን ድምፅ አይደል?» አሉና አለፉ።

ጦይባ ሲመጡ ከሩቅ አይታ ምላሷን ስላ ጠበቀች። ከኋላቸው አማቿን ስታይ ግን ምላሷ ደረቀ።

«እህቴ፣» አሉ በዚያው ሻካራ ድምፅ፣ «ሶላት ላይ ነበርሁ። ጉሮሮዬን ብጠርግ ክፉ ወጣብኝ፤ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። በይ አሁን ልጅቱን ጥሪያት፣ ባሏ መጥቷል።»

ጦይባ መሬት መሬት አየች። «ምነው በሰደቡኝ፣ ሸሆች» አለች፤ ድምፁ የእሷ አይመስልም።

«ድምፅ ከልብ ቀድሞ ደጅ ይደርሳል፤ ልብ እስኪደርስ መቆም ነው» አሏት።

እኛስ ባለቤቱ ሳይወጣ የስንቱን ደጅ ጥለን ሄደናል? ሰው የተባለውን ይረሳና በተባለበት ዜማ ያቄማል። ሻካራውን ጉሮሮ የሰጠ አላህ ነው። ችኩሉን ጆሮ ያመጣነው እኛ ነን፤ ያላሉትን ሰምቶ ያልሆነውን ያወራል፣ በኋላም ባለቤቱን አንገት ያስደፋል።

ጦይባ ከራሷ ጋር ስትጣላ አደረች። ሸሁ ዘንድ ሄዶ በሹክሹክታ አውፍታ መለመን ለኩሩ ሰው ሳይቀል አይቀርም። እሷ ግን በማግስቱ ጠዋት ማድጋዋን አዝላ ወረደችና ትናንት የቆመችበት ድንጋይ ላይ ወጣች። ሴቶቹ ለአዲስ ስድብ ጆሯቸውን አቀኑ። ሸህ ኑርዬን በሰደበችበት ድምፅ፣ ከዚያ ቅንጣት ሳታሳንስ፣ «ትናንት የዋሸኋችሁ እኔ ጦይባ ነኝ!» ብላ ጮኸች።