የሸማኔው ሚስት ያላየችው ከተማ

አንድ ሸማኔ ነበር፤ ስሙ ድንበሩ ይባላል። በወንዝ ዳር ባለች ትንሽ መንደር ከሚስቱ ከስንዱና ከሁለት ሴቶች ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ስንዱ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። ፈትሏ ቀጭንና እኩል ስለነበረ የድንበሩ ኩታ ከሩቅ አገር ሁሉ ፈላጊ ነበረው። ሰዉ ግን ኩታውን ባየ ቁጥር የሚያመሰግነው የድንበሩን እጅ ነው። እሱም ምስጋናውን ብቻውን ይቀበል ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ማን ፈተለው ብሎ የጠየቀው ስላልነበረ ነው።

ከጊዜ በኋላ ነጋዴዎች የሚያልፉበት መንገድ በሌላ በኩል ሆነና የመንደሪቱ ገበያ ጭር አለ። ሥራም ጠፋ። በዚህ መሀል ከሁለት ከተሞች መልእክት መጣለት። የላይኛው ከተማ ሹም ለቤቱ የሚሸምን ባለሙያ እንደሚፈልግና ቤትም እንደሚሰጠው ላከበት። ከታችኛው ከተማ ደግሞ ሸማኔዎቹ ራሳቸው ሰፈራቸው እንዲገባና ከእነሱ ጋር እንዲሠራ ጠሩት። የአገሩ ልማድ፣ ቤተሰብ አገር ሲለውጥ ባል ሄዶ ያያል፣ ሚስት ዕቃ ትሸክፋለች። ድንበሩም ስንቁን ቋጥሮ ለማየት ወጣ።

ሸማኔ ከተማ የሚመርጠው በእግሩ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚውለው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ አውርዶ ነው። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ቁርጥማት ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ሙያ የለም። ስለዚህ ድንበሩ የላይኛው ከተማ ሲደርስ ከሰላምታ ቀጥሎ ያደረገው ነገር ቢኖር የሚሰጠውን ቤት ወለል መቆፈር ነው። አንድ ክንድ ቆፈረ፤ አፈሩ ደረቅ ነው። በሩ ወደ ምሥራቅ ያያል፣ ብርሃኑ ልክ ነው፣ ግቢው በረጅም የድንጋይ አጥር የታጠረ ነው። ወደ ታችኛው ከተማ ሲወርድ ደግሞ ያሳዩት ቤት ከጅረት አጠገብ ነበር። ስንዝር ሳይቆፍር አፈሩ እጁ ላይ ተጣበቀ። ሸማኔዎቹ ወሬ ያበዛሉ፣ ገዢዎቹ በአንድ ነጠላ እስከ እኩለ ቀን ይከራከራሉ። የቀረበለትን እንኳ በቅጡ ሳይበላ ተነሥቶ መንገድ ገባ።

ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባላል። ድንበሩም ብቻውን ሄዶ፣ ብቻውን አይቶ፣ ብቻውን ወስኖ ተመለሰ። ስለ አፈሩ፣ ስለ ብርሃኑና ስለ አጥሩ ለስንዱ እየደጋገመ አወራላት። እሷም "አንተ ካየኸው ይሁን" አለችና ዕቃ መሸከፏን ቀጠለች። ድንበሩ ይህን እንደ ደስታ ቆጠረው።

በላይኛው ከተማ የመጀመሪያዎቹ ወራት መልካም ነበሩ። ከመንደር ይዘውት የመጡት ፈትል ነበርና የወጣው ኩታ ሁሉ ሹሙን ደስ አሰኘው። ያ ፈትል እያለቀ አዲሱ ሲተካ ግን ነገር ተበላሸ። ክሩ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይሳሳል፤ ሲሸመን ይበጠሳል። ድንበሩ መጀመሪያ የአገሩን ጥጥ ረገመ። ጥጡን ቢለውጥም ያው ሆነ። ቀጥሎ እንዝርቱን ጠላው፤ አዲስ አስጠረበ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኼ ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን ተናዶ ስንዱን እጅሽ ሰንፏል አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ንግግሯ እያነሰ ሄደ። ልጆቹም ቤት ውስጥ በሹክሹክታ መነጋገር ለመዱ።

ይህ በሆነ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሹሙ ልጁን ሊድር ቀን ቆረጠና የሙሽራዋን ኩታ ድንበሩ እንዲሠራው አዘዘ። ኩታው ከተበላሸ ቤቱም ሥራውም ለሌላ ሸማኔ እንደሚሰጥ ነገሩን ያመጣው አሽከር በግልጽ ነገረው። ድንበሩ ከድሮው ፈትል ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ጥቂት ነበር፤ በእሱ ጀመረ፣ ሳይበቃው ሲቀር በአዲሱ ቀጠለ። ከግማሽ በላይ እንደ ደረሰ አሳይ ተባለና ከነተጠቀለለበት እንጨት ይዞ ወደ ሹሙ ልብስ ቤት ሄደ።

ልብስ ቤቱን የሚጠብቁት እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ከመመንኮሳቸው በፊት ፈታይ ስለነበሩ ልብስ የሚያዩት በጣታቸው ነው። ኩታውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና ከጫፉ ጀምረው ቀስ እያሉ ዳሰሱት። መሀል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይኼን የፈተለችው አንድ ሴት ናት ወይስ ሁለት?"

"አንድ ናት እማሆይ። ሚስቴ ናት።"

"እንግዲያው እስከዚህ ድረስ ሰው መሀል ነበረች" አሉ፣ ጣታቸውን ሳያነሡ። "ከዚህ ወዲያ ብቻዋን ናት።"

ድንበሩ ስለ ጥጡ ማስረዳት ጀመረ። እማሆይ አላስጨረሱትም።

"ጥጡ ምንም አልሆነ። ሴቶች ተሰብስበው ሲፈትሉ አንዷ የሌላዋን ክር ታያለች፤ ወፈረብሽ፣ ቀጠነብሽ ትላታለች። ጨዋታው እጅን ያሳርፋል። ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ግን ሐሳቧን ነው የምትፈትለው፤ ሐሳብ ደግሞ እኩል አይመጣም። ለመሆኑ ልጄ፣ ሚስትህ እዚህ ከመጣች ከማን ጋር ትጫወታለች?"

በመንደራቸው ስንዱ የምትፈትለው ከሰባት ሴቶች ጋር፣ ሾላ ሥር ተቀምጣ ነበር። እዚህ ጎረቤቶቻቸው የሹሙ ባለሟሎች ሚስቶች ናቸው። ኩታዋን መልበስ ይወዳሉ፤ ከሸማኔ ሚስት ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ግን ይከብዳቸዋል። ያ የመሰከረለት ረጅም አጥር ሌባ ይከልክል አይከልክል አያውቅም፤ ሚስቱን ግን ከሰው ከልሏታል። ስንዱ መጨረሻ የሳቀችው መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞክሮ አቃተው። በራሱ አፈረ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

እማሆይ አዘኑለት። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ ጊዜ እንዳለው፣ እስከዚያ ለሹሙ ምንም እንደማይናገሩ ነገሩትና ኩታውን መለሱለት። "ሂድና ጠይቃት" አሉት።

"ምን ብዬ ልጠይቃት?"

"አገር ስትመርጥ ያልጠየቅኻትን።"

ድንበሩ ቤቱ ሲገባ ስንዱ እንዝርቷን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ሄዶ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ስንዱ፣ በድዬሻለሁ" አላት። "አገር የመረጥኩት ለእግሬ ብቻ ነው። የተበላሸውም እጅሽ አይደለም። አሁን አንቺ ሂጂና የታችኛውን ከተማ እይው። እኔ ከልጆቹ ጋር እቆያለሁ። አንቺ የምትይው ይሆናል።"

ስንዱ የስንት ወሩን እንባ አንድ ላይ አለቀሰችው። በማግስቱ ጠዋት እንዝርቷንና ባዘቶዋን ይዛ ከገበያተኞች ጋር ወረደች።

ሦስት ቀን ቆየች። በሦስቱ ቀን ድንበሩ ወጥ ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ እንደሚጨምር ልጆቹ ደረሱበት፤ ቤቱ ውስጥም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቅ ተሰማ። እሱ ግን ልቡ አላረፈም። ስንዱ የሸማኔዎቹን ሰፈርና እዚያ አብረው የሚፈትሉትን ሚስቶቻቸውን ወዳ እንደምትመለስ እርግጠኛ ነበር፤ ያንን እርጥብ ጉድጓድ እያሰበ ጉልበቱን ከወዲሁ ያሻል። ቃል ገብቷልና እግሩ ቢታመምም ሊችለው ወስኗል።

በአራተኛው ቀን ስንዱ አቧራ ለብሳ ገባች። ሴቶቹ ደህና ሰዎች እንደሆኑ፣ ሁለት ቀን አብራቸው እንደፈተለች፣ አንዷማ ገና ስሟን ሳትጠይቃት ክርሽ ወፈረ ብላ እንደነቀፈቻትና በዚያ ደስ እንዳላት ነገረችው። ቀጥላም እንዲህ አለች፦

"ያሳዩህን ቤት ግን አልወደድኩትም። ውኃ ያዝላል፤ እግርህን ይጨርሰዋል። ከዚያ ወደ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሌላ ቤት አገኘሁ። ከገበያው ይርቃል፣ ጣሪያውም ጥገና ይፈልጋል። ወለሉን አራት ቦታ ቆፍሬ አየሁት። ደረቅ ነው።"

ድንበሩ እጇን አየ። ጥፍሮቿ ውስጥ አፈር አለ። እሱ ሁለት ከተማ ሲዞር እሷ የት ትቀመጣለች ብሎ አንዴ እንኳ አላሰበም። እሷ ግን፣ ያን ያህል ተከፍታ ሄዳ፣ በመጀመሪያው ቀን ከሴቶቹ ጋር ሳትቀመጥ የእሱን እግር የሚያሳርፍ መሬት ስትፈልግ ውላለች። ተነሥቶ ውኃ አሞቀ፣ ገበታውን አቀረበ፣ ጎንበስ ብሎም የመንገደኛ እግሯን አጠባት። በዚያ አገር ባል የሚስቱን እግር ሲያጥብ ታይቶ አይታወቅም ነበር። ልጆቹ በር ላይ ቆመው አዩ።

በሳምንቱ ወደ ታችኛው ከተማ ወረዱ። ሹሙ ቅር ብሎት ነበር፤ የሙሽራዋ ኩታ ግን እንደ አዲስ ተሠርቶ ከሠርጉ በፊት ደረሰለት። እማሆይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የትም ሳይቆሙ ዳሰሱትና አጥፈው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት።

የላይኛው ከተማ መጥፎ ነበር ለማለት አይደለም። የታችኛውም ገነት አይደለም፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ገዢዎቹም እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ነገሩ ሌላ ነው። ሥራ የሚያገኘው አንዱ ቢሆንም አገር የሚለውጠው መላው ቤተሰብ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አይቶ የመረጠው ከተማ ለአንድ ሰው ብቻ ይመቻል። "አንተ ካየኸው ይሁን" የሚል ሰውም ሁልጊዜ ተስማምቶ አይደለም፤ የሚጠይቀው አጥቶ ይሆናል።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ለሥራ ብለው ቤትዎን ነቅለው ሊሄዱ አስበው ከሆነ፣ ደመወዙንና የቤቱን ስፋት ሳያዩ እንዳልቀሩ አምናለሁ። አብሮዎት የሚሄደው ሰው ቀኑን ከማን ጋር እንደሚውልስ ጠይቀውታል? ካልጠየቁት፣ ዕቃው ገና አልተጫነምና አሁኑኑ ይጠይቁት።