ሞልቶ የተመለሰው ትሪ

ስሟን የማልነግራችሁ አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። የማልነግራችሁ ረስቼው አይደለም። ብነግራችሁ ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ያገሬው ሰው ደግሞ ቁጥብ ነውና ከወሬዬ ግማሹን ይቀንስብኛል። ስለዚህ ከግመል መንገድ ዳር፣ ከአንድ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ መስጂዷ ከቤቶቿ ሁሉ ቀድሞ የተሠራ ከተማ ነበረች ብዬ ልለፍ።

በዚያች ከተማ ሸይኽ ኢምራን የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ጢማቸው ከመርዘሙ የተነሳ ሱጁድ ሲወርዱ ከግንባራቸው ቀድሞ መሬት የሚደርሰው እሱ ነበር። ዒልማቸው ሰፊ፣ ቃላቸው ጥቂት። ሰኞና ሐሙስን ይጾማሉ፤ ያ ጢም ጥቁር ከነበረበት ዘመን ጀምሮ አንዲት ሰኞ እንኳ በልተው አያውቁም። የከተማው ሰው ግን ከዚህም በላይ የሚያደንቃቸው በሌላ ነገር ነው፤ የወሊማ ምግብ በመስፈር። ልጁን የሚድር ሁሉ ዱዓ ካስደረገ በኋላ "ሸኽዬ፣ ይስፈሩልኝ" ይላል። እሳቸውም ጓዳ ገብተው ያለውን ያያሉ፣ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፣ "ይበቃል" ይላሉ። ይበቃልም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ከሰፈሩት ድግስ አንዲት የሩዝ ፍሬ ተርፋ፣ የማን ድርሻ ናት እየተባለ ሳለ አንድ እንግዳ በሩ ላይ "አሰላሙ ዐለይኩም" ብሎ ገባ ይባላል። ዋሽቼ ከሆነ የቀረችኝ ጥርስ ትውለቅ። አንዲት ብቻ ናትና ተጠንቅቄ ነው የምምለው።

ሸምሲያ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር ሴት ልጇን ቶይባን ልትድር ሆነ። ፈትላ፣ ፈትላ፣ አንድ ፍየል፣ አንድ ስልቻ ሩዝና አንድ ቅል ማር አገኘች። ጎረቤቶቿ "እኛም እንጨምርበት" ቢሏት እምቢ አለች። የሰፈሩ ሰው ለሐዘንና ለደስታ ከሚረዳዳበት ከቅሬው ድስትና ትሪ ተዋሰች እንጂ ሌላ አልቀበልም አለች። ኩራት ነው ያሉም ነበሩ። እሷ ሸይኹን አስጠራች።

"ሸኽዬ፣ ያለኝ ይኸው ነው። ሰኞ ከኒካሁ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲበላልኝ እፈልጋለሁ። ይበቃኛል?"

"ስንት ሰው ጠራሽ?"

"ማንን ትቼ ማንን ልጥራ ብለው ነው?"

ሸይኹ ፈገግ አሉ። "እንግዲያው ሰው አንቆጥርም። ሰው ከቆጠርሽ ትፈሪያለሽ። የሚቆጠረው ትሪ ነው።" ስልቻውን ፈትተው ሩዙን በጣሳ እየሰፈሩ ገለበጡ። "አንድ ጣሳ ለአንድ ትሪ፣ አንድ ትሪ ለስድስት ሰው። ሃያ ትሪ ይወጣዋል። ፍየሏ በደቃቁ ትከተፍ፤ ትልቅ ሙዳ ሰው ያጣላል፣ ትንሽ ሙዳ ሰው ያጎራርሳል። አጥንቱን ለሾርባ። ማሩን አንድ ላይ አትበጥብጪው። ግማሹን ለመጀመሪያዎቹ፣ ግማሹን ኋላ ለሚመጡት። ብርዙ ደግሞ በፍንጃል ይቀዳ፤ በትንሽ ዕቃ የተቀዳ ሁለቴ ያስመርቃል።"

"እርስዎንስ?"

"እኔን አትቁጠሪ። ሰኞ ጾመኛ ነኝ።"

"ይበቃላ?"

"ይበቃ..." አሉና አፋቸው ላይ ቀረ። "ይማምስ?"

ሁለቱም ዞረው ፍየሏን አዩ።

ይማም ማለት ልቡ የዋህ፣ ሶላቱ የማይጓደል ሰው ነው። ሆዱ ግን ሸለቆ ነው። እጁን ሲታጠብ የውሃውን ድምፅ የሰሙ የሰፈሩ ፍየሎች ኑዛዜ ይጀምራሉ። ለእሱ ስድስተኛ ድርሻ ብሎ ነገር የለም፤ ትሪው ላይ እሱ ካለ ሌሎቹ አምስቱ ተመልካች ናቸው።

"የእሱን ለእኔ ተዪው" አሉ ሸይኹ።

ማምሻውን ከመስጂድ ሲወጡ ያዙት። "አንተ ይማም፣ ሰኞ ሸምሲያ ቤት ስትመጣ ሆድህን ትንሽ አባብለህ ና።"

"በምን ላባብለው ሸኽዬ?"

"ቤትህ አንድ ነገር ቀምሰህ።"

ይማም አዘነ። ሆኖም "እሺ፣ አባት ለሌላት ለየቲሟ ልጅ ስል" አለ።

ነገሩ ይኸው ነበር። ይማም ለሚስቱ ለሩቅያ ነገራት። ሩቅያ ምንጭ ወርዳ "ሸኽዬ ቤታችሁ በልታችሁ ሂዱ ብለዋል" አለች። ወሬው ከምንጭ ገበያ ሲደርስ "ርቦት የሚሄድ የየቲም ሐቅ ይበላል" ሆነ። ከገበያ መስጂድ ሲደርስማ "ከሦስት ጉርሻ በላይ የዋጠ እሳት ዋጠ" ሆኖ አረፈው። እኔን አጋናኝ ትሉኛላችሁ፤ ያችን ከተማ ብታውቋት እኔ ከጭምቶቹ ነኝ። ሁሉም ያሉት ደግሞ በፍቅር ነው። አላህን ይፈራሉ፣ ሸምሲያን ይወዳሉ።

ሰኞ ደረሰ። ኒካሁ ታሰረ። ሕዝቡ አምሮበት፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ እስከ ጉሮሮው ጠግቦ መጣ። ሸምሲያ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ትሪዎቹን አወጣች። ሩዙ እንደ ጀበል ተቆልሏል፣ ቅቤው ያበራል፣ ሽታው መንገድ ላይ ያሉትን ግመሎች አስቁሟል። ሰዉ ቢስሚላህ ብሎ አንድ ጎረሰ፣ ሁለት ጎረሰ፣ ሦስት ጎረሰ፣ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ እጁን ሰበሰበ። ብርዙን ከንፈሩን አስነክቶ መለሰ።

ትሪዎቹ እንደወጡ ተመለሱ።

ሸምሲያ የመጀመሪያውን ስትቀበል ተገረመች። አምስተኛውን ስትቀበል ጎንበስ ብላ ሩዙን አሸተተች። ሙሽራዋ ቶይባ "እማ፣ ጨው በዝቶ ይሆን?" ብላ ቀመሰች። ጨው አልበዛም። ሸምሲያ ሸይኹን ወደ ጓዳ አስጠራቻቸው።

"ሸኽዬ፣ እጄ ላይ ምን አዩብኝ?"

"ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ባሌ ከሞተ ወዲህ በየበዓሉ፣ በየአርብ ምሽቱ፣ የእነዚህ ሰዎች ሳህን እቤቴ ይመጣል። አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው። እኔ ግን ሳህናቸውን ባዶውን ነው የምመልሰው። አጥቤ፣ አጥቤ፣ ባዶውን። የሰው ሳህን ባዶውን መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?" ድምፅዋ ተሰበረ። "አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ እኔ ላበላቸው ፈልጌ ነበር። እነሱ ግን ትሪዬን ሞልተው መለሱልኝ።"

ሸይኹ በትራቸውን አነሱ። ወጥተው ቀጥ ብለው ወደ ይማም ሄዱ። ይማም ትሪው ፊት ተቀምጦ የፍየሏን ሥጋ እያየ፣ ወላሂ፣ ያለቅሳል።

"አንተ፣ ለምን አትበላም?"

"የየቲም ሐቅ እሳት ነው ሸኽዬ። ራስዎ ብለውታል አሉ።"

"እኔ?"

"'ርቦት የሚመጣ' ብለው... ከሦስት ጉርሻ በላይ..." ይማም ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ።

ሸይኹ ያኔ ገባቸው። ከተቀመጡት አንዱ ነገሩ ሲገባው ጊዜ "ያዛባችው ሩቅያ ናት!" ብሎ ጮኸ። ሩቅያም ከሴቶቹ በኩል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እዚህ ላይ ሸይኹ ዝም ቢሉ ኖሮ ነገሩ በእሷ ላይ ያልቅ ነበር፤ ክብራቸውም እንደ ጢማቸው ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር። እሳቸው ግን በትራቸውን ተደግፈው መሃል ላይ ቆሙ።

"ሩቅያ የተሸከመችው የእኔን ውሃ ነው። እንስራውን የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። ሩዙን ሰፈርኩ፣ ማሩን ሰፈርኩ፣ የይማምን ሆድ ሰፈርኩ። የዚህችን ሴት ልብ ሳልሰፍር ቀረሁ። ምግቡ የእናቲቱ ላብ ነው፤ ሐላል ነው፣ በደስታ የቀረበ ነው። አውፍ በሉኝ።"

ይህን ብለው ይማም አጠገብ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ።

 አንድ ሽማግሌ እንደመደንገጥ ብለው "ሸኽዬ፣ ዛሬ እኮ ሰኞ ነው!" አሉ።

"አውቃለሁ" አሉ ሸይኹ እያኘኩ። "ጾሙ የሱና ነው፣ ግዴታ አይደለም፤ ሰኞም በየሳምንቱ ይመጣል። የሸምሲያ ቀን ግን ዛሬ ነው።" ከዚያ ወደ ጎን ዞሩ። "ይማም፣ ቤትህ ምን በልተህ መጣህ?"

"ገንፎ። ሩቅያ ትልቁን ገበታ ሞልታ።"

"ቦታ አለህ?"

"ሸኽዬ፣ ገንፎ የሚያድረው ሌላ ክፍል ነው። የፍየሉ ክፍል ከትናንት ጀምሮ ተጠርጎ ይጠብቃል።"

ሳቁ የቤቱን ጣራ አነሳው፤ ከነሳሩ ተነስቶ ጎረቤት ላይ አረፈ ብላችሁ አትሳሳቱም። ሰዉ መብላት ፈለገ፣ ግን ሆዱ ሞልቷል። ምን ይሁን? "ድቤ አምጡ!" አሉ ሸይኹ። ድቤው ተመታ፣ መንዙማው ተነሳ። ወጣቱ ዘለለ፣ ሽማግሌው ከወገቡ በላይ ተወዛወዘ። አንዱ መንዙማ ሲያልቅ ሌላው ተተካ፤ የበሉት ወደ ተረከዛቸው እስኪወርድ ተባለ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። ትሪዎቹ ዳግም ወጡ፣ ፍንጃሉ ዞረ፣ ሰዉ ተጎራረሰ። ሦስት ጉርሻ ያለው ሁሉ ጣቱን ላሰ። ሴቶቹም ዕልል እያሉ "ሸምሲያ፣ ጨምሪልን እንጂ! ምነው ሰሰትሽ!" ብለው ከጓዳ ጠሯት፤ እሷም ጨመረች።

የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲቃረብ አንድ የጨው ነጋዴ ግመሎቹን ውጭ አስሮ ገባ። ሸምሲያ ጭልፋዋን ወደ ድስቱ ሰደደች። ድስቱ ጮኸ፤ ብረት በብረት። ትሪዎቹን አየች፣ አንድም ፍሬ የለም። ሥሩን ፋቅ ፋቅ አድርጋ የተገኘችውን ለነጋዴው ሰጠችና ወደ መጋረጃው ሮጠች።

"ሸኽዬ!" አለች፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ ባዶ ትሪ እንደ ሕፃን ታቅፋ። "አለቀ! አልበቃም እኮ፣ አለቀ!"

ሸይኽ ኢምራን የሰፈሩት ድግስ አንሶ የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸውም አያውቅም። በኋላ ወደ መስጂድ ሲሄዱ ይማም "ሸኽዬ፣ ለሚቀጥለው ወሊማስ ቤቴ ቀምሼ ልምጣ?" ቢላቸው ቆሙና እንዲህ አሉት፦

"አንዳንድ ቤት ይዘህ የምትሄደው ሰደቃ ረሃብህ ነው።"

እኔ ይህችን ቃል ብዙ ጊዜ አላመጥኳት፤ በአንዲት ጥርስ ማላመጥ ጊዜ ይወስዳል። የሚሰጥ እጅ ከሚቀበል እጅ በላይ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ሰምተንም የላይኛውን ቦታ ለራሳችን ያዝነው። ሁልጊዜ የእኛ እጅ ከላይ ከሆነ የሸምሲያ እጅ መቼ ይውጣ? ለድሀ ማዘን ቀላል ነው። ድሀው ቤት ቁጭ ብሎ "ጨምሪልኝ" ማለት ግን ልብ ይፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ሰፈር ሰው ልማድ አወጣ ይባላል። ለሸምሲያ ሳህን የላከ ጎረቤት፣ ጓዳው ሞልቶ ሳለ፣ በማግስቱ "ጨው አልቆብኝ ነበር፣ ታበድሪኛለሽ?" እያለ ደጇን ያንኳኳል። እሷም ጨዉን በሳህኑ ላይ አድርጋ ትመልሳለች። ቤቷ ደጃፍ ላይ በዓመቱ ጨው የሚበደር ሰው ሰልፍ እስከ ምንጩ ደረሰ። ይህችን ሰልፍ እኔ ትንሽ አርዝሜያት ይሆናል። ጨዉ ግን እውነት ነው።