ጦጣና ጃርትን ያጣላው የመሻገሪያ ዘፈን

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ሥራ ያለው ይሂድ፤ ተረቱ መጣ።

ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ በነበረው ጊዜ፣ በአንድ የቆላ ወንዝ ዳር ሦስት ሙዚቀኞች ይኖሩ ነበር። እመት ጦጣ ክራር ትመታለች። አያ ጃርት ከበሮ ይመታል። ቆቅ ደግሞ ትዘፍናለች። ክራሩም ራሱ ይናገር ነበር፤ ያውም ከሁሉም አብልጦ።

ብዙ ዘፈን ያውቃሉ። አገር የሚጠራቸው ግን ለአንዱ ነው፤ ለመሻገሪያው ዘፈን።

«እግርህን አንሣ፣ ሆ!
ድንጋዩን እርገጥ፣ ሆ!
ማዶ ሣር አለ፣ ሆ!»

ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለውም። ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ይዘፈናል። ሟች ሲቀበር ይዘፈናል። መንጋ ወንዝ ሲያቋርጥ ይዘፈናል። ሦስቱም ተሻጋሪ ናቸውና። ልኩም የታወቀ ነው፤ አሥራ ሁለት ዙር። ዘፈኑን ያወጣው የአያ ጃርት አባት ነበር፤ ሲሞትም ለልጁ «አሥራ ሁለት» ብሎ ነው የሞተው። ጃርት ዓይኑን ከበሮው ላይ ተክሎ ይቆጥራል። አሥራ ሁለት ሲሞላ እጁን ያነሣል፤ ዘፈኑ ያልቃል።

አንድ ቀን ድኩላ ልጁን ዳረና ሦስቱን ጠራቸው። ዘፈኑ ተጀመረ፣ ዙሩ ሞላ፣ ጃርት እጁን አነሣ። ነገር ግን የሙሽራዋ እናት ገና ትከሻዋ መሞቁ ነበር። ይህን ጊዜ ክራሩ ጦጣን በሹክሹክታ ጠራት።

«እመት ጦጣ፣ አትቁሚ።»

«አልቋል እኮ!»

«እኔ አላለቅሁም። ጣትሽን ልቀቂው፤ የት እንደምወስደው እኔ አውቃለሁ።»

ጦጣ ጣቷን ለቀቀች። ክራሩ ዘፈኑን ይዞት ሄደ፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ዞሮ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። አቧራው ጨሰ። ድኩላ ሽማግሌው ሲዘል ቀንዱ ከዳሱ ቅጠል ጋር ተጠላልፎ ቀረ፤ እዚያው እንደ ተያዘ ጨፈረ። ጃርት ሳይወድ ከበሮውን መምታት ቀጠለ። ሃያ ሁለተኛው ዙር ላይ ሲያቆሙ ሠርገኛው «ይደገም!» ብሎ ጮኸ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጃርት፣ «የዛሬውስ አማረ፤ አልክድም። ነገ ግን አሥራ ሁለት ነው» አለ።

 ክራሩ ግን በጦጣ ጆሮ፣ «ነገ ሠላሳ» አላት።

እንዳለውም ሆነ። በማግስቱ ሠላሳ፣ በሳምንቱ አርባ። ጦጣ ዓይኗን ጨፍና መምታት ለመደች። ዓይኗን ስትጨፍን ዜማው ከፊቷ እንደ መንገድ ይዘረጋላታል፤ እሷም ትሄድበታለች። አንዳንዱ አድማጭ ይደሰታል፤ አንዳንዱ ያዛጋል። እሷ ግን የተደሰተውንም ያዛጋውንም አታይም።

ከዕለታት አንድ ቀን የአባባ ዔሊ ሚስት ሞተች። መቶ ዓመት አብረው የኖሩ ናቸው። አባባ ዔሊ ራሳቸው እያዘገሙ መጡና ከጦጣ በር ቆሙ።

«ልጄ፣ ያንን ዘፈን ትወደው ነበር። መጥታችሁ ዝፈኑልኝ።»

«እንዴታ፣ አባባ! እንዲያውም አሳምረን!»

በዚያ አገር ወግ ነበር። የመሻገሪያው ዘፈን ሲያበቃ ቀብሩ ጸጥ ይላል፤ በዚያ ጸጥታ ባለ ሐዘኑ የሟቹን ስም ይጠራል፤ ስሙ ከተጠራ በኋላ አፈር ይመለሳል። ስም ሳይጠራ አፈር አይመለስም።

ዘፈኑ ተጀመረ። አሥራ ሁለት ሞላ። አባባ ዔሊ አንገታቸውን አውጥተው አፋቸውን ከፈቱ። ክራሩ ቀጠለ። አባባ ዔሊ አፋቸውን ዘጉ። ዜማው ቀዝቀዝ ሲል ሁለተኛ አፋቸውን ከፈቱ፤ ክራሩ ሽቅብ ወጣ፤ ዘጉ። ሦስተኛ ከፈቱ፤ ክራሩ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ያኔ አባባ ዔሊ አንገታቸውን ወደ ድንጋያቸው አስገቡ።

ፀሐዩ ከረረ። ቀባሪው አንድ አንድ እያለ ወደ ጥላ ሸሸ። ቆቅ ዝም አለች። ጃርት ከበሮውን አስቀመጠ። ጦጣ ከበሮው ሲጠፋባት ዓይኗን ገለጠች፤ ከፊቷ ያልተደፈነ ጉድጓድና አንድ ድንጋይ የመሰለ ጀርባ ብቻ አየች።

«አባባ ዔሊ፣ ዘፈኑን አልወደዱትም?»

ድምፃቸው ከውስጥ መጣ። «ወድጄዋለሁ ልጄ። ስሟን የማስገባበት ቦታ አጣሁ እንጂ።»

ጦጣ ፊቷ ጋለ። ክራሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ ጸጥ አለ። አባባ ዔሊ በጸጥታው ውስጥ ስሟን ጠሩ፤ ቀስ ብለው፣ አንድ ጊዜ። አፈሩም ተመለሰ።

መንገድ ላይ ጃርት እሾሁን አቆመ።

«ስም መጥሪያ ከለከልሻቸው! መቶ ዓመት አብራቸው ለኖረች ሚስታቸው!»

«አጥፍቻለሁ። አንተ ግን የተናደድከው ለሳቸው ነው ወይስ ለአሥራ ሁለትህ?»

«አሥራ ሁለት ብለሽ ቢሆን ኖሮ ይህ ይመጣ ነበር?»

«አሥራ ሁለት ብዬ ቢሆን ኖሮ ድኩላ ያን ቀን ይጨፍር ነበር?»

«የአባቴ ዘፈን ነው! ጠፍር አይደለም የሚሳበው!»

«የአባትህ ከሆነ አባትህ ይምቱት!»

ይህ ቃል መጥፎ ነበር። ጃርት ከበሮውን አንሥቶ ሄደ። ቆቅ ግራ ቀኝ አየችና፣ ዘፈን ያለ ምት አይሆንም ብላ ጃርትን ተከተለች። ጦጣ ከወንዙ ዳር ካለው ሾላ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«ጉድ አደረግኸኝ» አለችው ክራሩን።

«እኔ? እኔ እንጨትና ክር ነኝ። ጣቱ የማን ነው?»



ጥቂት ቀን ቆይቶ የጎሾች መንጋ ከወንዙ ወዲያ ደረሰ። ከኋላቸው ሣሩ ደርቋል፤ መሻገር አለባቸው። መሪያቸው እማማ ጎሽ ተጣራች።

«አያ ጃርት! በዘፈናችሁ አሻግሩን!»

«እሺ!» አለ ጃርት፣ ከቆቅ ጋር ከወዲህ ዳር ሆኖ።

ጎሾች የሚሻገሩት በምቱ ነው። ምቱ ሲወርድ እግር ይወርዳል፤ ሲነሣ ይነሣል። ሁሉም አንድ ላይ ስለሚረግጡ ውኃው አይለያያቸውም። በሌላው ዓመት አሥራ ሁለት ዙር በቅቷቸው ይተርፋል። በዚያ ዓመት ግን ደጋው በኃይል ዘንቦ ወንዙ ሰፍቶና ደፍርሶ ነበር። ጃርት ከበሮውን እንጂ ወንዙን አላየም።

ቆቅ ዘፈነች፣ ከበሮው ተመታ፣ መንጋው ገባ። ትልልቆቹ ከፊት፣ ጥጆቹ ከኋላ። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ጃርት እጁን አነሣ።

ትልልቆቹ ወጥተዋል። ጥጆቹ መካከል ላይ ናቸው። ምቱ ሲጠፋ እግራቸውም ቆመ። የቆመን ደግሞ ውኃ ይገፋል።

እማማ ጎሽ ዞር ብላ ጮኸች። «ዘፈኑ የት ሄደ?»

«አልቋል!» አለ ጃርት፣ ከበሮውን እያየ። «አሥራ ሁለት ሞልቷል!»

«አያ ጃርት፣ ዓይንህን አንሣ!» አለች ቆቅ።

ጦጣ ከሾላው ላይ ሁሉንም ታያለች። ክራሩን አነሣች።

«የሠርጉን ልጨምርበት?» አለ ክራሩ ደስ ብሎት።

«ዝም በል። ያችኑ ሦስት ስንኝ።»

ዓይኗን ከጥጆቹ ሳትነቅል መታች። ምንም አላሳመረችም። ጥጆቹ አጭር እግር ነበራቸውና ምቱን በእግራቸው ልክ ዝግ አደረገችው። ቆቅ ተቀበለቻት። ጃርት ቀና ሲል ወንዙን አየ፤ ክው አለ፤ ወዲያው ከበሮውን ያዘ። ጥጆቹ እንደ ገና መርገጥ ጀመሩ።

ከሁሉ የምታንሰው ጥጃ እግሯ በድንጋይ መካከል ተያዘ። ጦጣ በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ቆየች። «እግርህን አንሣ፣ ሆ! እግርህን አንሣ፣ ሆ!» ስድስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ፣ እግሩ እስኪወጣ። ከዚያ «ድንጋዩን እርገጥ» አለች። ጥጃዋ ረገጠች። የኋላ እግሯ ከሣሩ ላይ ሲያርፍ ቆቅ «ማዶ ሣር...» ላይ ደርሳ ነበር። ጦጣ ክሩን በመዳፏ ያዘች። ስንኙ ሳይሞላ ዘፈኑ እዚያው ላይ አበቃ።

ጃርት ላቡን ጠረገ። ከበሮውን አስቀምጦ ጠየቀ።

«ስንት ዙር ሆነ?»

«እኔ እንጃ» አለች ጦጣ። «እኔ የቆጠርኩት ጥጃ ነው።»

«ስንት?»

«አሥራ ዘጠኝ። ሁሉም ወጥተዋል።»

ጃርት እሾሁን አስተኛ። «እኔ ደግሞ አሥራ ሁለት ስል ወንዙን አላየሁትም» አለ።

«እኔም በቀብሩ ቀን አባባ ዔሊን አላየኋቸውም። አባትህን ያነሣሁትም ይቅር በለኝ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ አብረው ይሠሩ ጀመር። መጨቃጨቁ ግን አልቀረም። ጃርት «መነሻው አሥራ ሁለት ነው» ይላል፤ ጦጣ «መድረሻውን እናያለን» ትላለች። ክራሩም ጎሾቹን ያሻገርኩ እኔ ነኝ እያለ ለሰማው ሁሉ ያወራል። ዘፈኑ አንዳንድ ቀን ይረዝማል፣ አንዳንድ ቀን ያጥራል፤ ጃርትም ከበሮውን እያየ፣ ጦጣም ዓይኗን ጨፍና መምታት ግን ትተዋል።

እኔም አንድ ሁለት ነገር ልጨምርበት ብዬ ነበር፤ ፊታችሁን ሳየው ግን ይበቃል። የዚያ ወንዝ ዳር እንስሳት ሲተርቱ እንዲህ ይላሉ፤

ዘፋኝ ዓይኑን ከጨፈነ፣ ዘፈኑ ለማን ሆነ?