የሁለቱ ዶክተሮች ጠመኔ

አንድ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ ሁለት ዶክተሮች ጠመኔ ተማዘዙ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከደቡብ ቻይና የመጡ ባለሀብቶች ጫማ ፋብሪካ ከፈቱና የአገራቸውን ቋንቋ፣ ሆኪየንን፣ የሚችል አስተርጓሚ እንቀጥራለን አሉ። ቋንቋው ድምፅ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ትርጉሙ የሚለዋወጥ፣ ምላስ የሚያስር ጉድ ነው። ተማሪ እንዳይቸገር ተብሎ በላቲን ፊደል ይጻፍ ተባለ። ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ዶክተር ልሳኑ ታይዋን የተማሩ ናቸው፤ ድምፁን በፊደሉ አናት ላይ ምልክት እየደፉ ይጽፉታል። ዶክተር ዘርጋው ደግሞ ማሌዥያ ተምረው በቃሉ ጭራ ላይ ቁጥር ይቀጥሉበታል። ጠዋት አንዱ የጻፉትን ከሰዓት ሌላው ሳያነቡ ያጠፉታል። «ዝንብ ያረፈበት ጽሑፍ» ይላሉ ዶክተር ዘርጋው። «የመኪና ታርጋ» ይላሉ ዶክተር ልሳኑ። መሀል ላይ የቀለጠው ተማሪው ነው።

ከሁሉም የባሰበት የክፍሉ አለቃ ወንድይራድ ነበር። ፈተናውን ወድቆ ሥራው ካመለጠው ፍቼ አጎቱ ወፍጮ ቤት መመለሱ ነው፤ ዱቄት ደግሞ ያስነጥሰዋል። ሁለት ባላ ትከል ብሎ ሁለቱንም ለመያዝ ሞከረ። ምልክቱም ቁጥሩም አንድ ቃል ላይ ተሳፈሩና እሱ ራሱ እንኳ መልሶ ማንበብ ያልቻለው ሦስተኛ አጻጻፍ ወጣለት።

በፈተናው ዋዜማ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ስንዱ ሰለቻቸው። «ተማሪዎቹ ይምረጡ፤ ፈተናው በተመረጠው ይጻፋል» አሉ። ዶክተሮቹም ወንድይራድን ጠርተው መሀላቸው አቆሙት።

«ተናገራ፣ አለቃ አይደለህም እንዴ» አሉ ዶክተር ልሳኑ። «ግማሹ ማርክ በእኔ እጅ መሆኑን ግን እንዳትረሳ።»

«ሌላው ግማሽ የት እንዳለም ያውቃል» አሉ ዶክተር ዘርጋው፣ ለስለስ ብለው።

ማንኛቸውንም ቢመርጥ ሌላኛው ይጥሉታል። ወንድይራድ የወፍጮው ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸበት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የኔታዎቼ፣ ፊደል የሚፈተነው ከባድ ነገር ሲሸከም ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ፤ አሳምረው የጻፉልኝን እመርጣለሁ።»

«ስጠን» አሉ ሁለቱም፣ ጠመኔያቸውን እያነሱ።

«‹ተሳስቼ ነበር፤ ልክ የሆኑት ባልደረባዬ ናቸው› ብላችሁ ጻፉልኝ።»

ዶክተር ልሳኑ ጠመኔውን አገላብጠው አዩት። ዶክተር ዘርጋው መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ፣ አደረጉት፣ እንደገና አውልቀው ወለወሉ።

«ይሄ» አሉ ዶክተር ልሳኑ በመጨረሻ፣ «በሆኪየን አይጻፍም።»

«አዎ፣ ፈጽሞ አይጻፍም» አሉ ዶክተር ዘርጋው። «ምናልባት በአፍ ቢባል ነው።»

«እሱስ ልክ ነዎት፣ በአፍ ነው» አሉ ዶክተር ልሳኑ።

ከተዋወቁ ጀምሮ ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ወንድይራድ ወደ ወይዘሮ ስንዱ ዞረና እጅ ነሣ።

«እትዬ፣ ሁለት ዶክተር ያቃተውን እኛ ምን አባታችን ብለን እንጽፈዋለን? በአፍ ይፈትኑን።»

ፈተናው በአፍ ሆነ። ወንድይራድ አሁን አጎቱን የሚጠይቀው ከጫማ ፋብሪካው በስልክ ነው።