ከወንፈል የቀረችው ልጅ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምሬ ይትባረክ፣ ከትምህርት ቤት የሚቀሩ ልጆችን እንዲያስር ሕግ ያዘዘው ወጣት ዳኛ ስለ አንዲት ልጅ «ልቅጣት ወይስ ልተዋት?» ብሎ ቢጠይቃቸው።

ሰውየው የወንፈል አለቃ ነበር። በአረም ወቅት መንደሩ ተሰብስቦ ዛሬ የአንዱን ጤፍ፣ ነገ የሌላውን ያርማል፤ ተራውን የሚያስጠብቀው እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ሕጉ ግን አይነቃነቅም፤ አንድ ቀን የቀረ ሁለት ቀን ብቻውን የሰው ማሳ ያርማል፣ ያን ሳይጨርስም ለእሱ ተራ አይደርሰውም።

በሟች አባቷ ቦታ ወንፈሉ ውስጥ የገባች አንዲት ኮረዳ ነበረች። እናቷ ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም፤ ታናናሾቿ ገና ነፍስ አላወቁም። እናቷን አገላብጣ፣ ውሃ ቀድታ፣ ሕፃናቱን አብልታ እስክትወጣ ይረፍድባታል። አንድ ቀን ጭራሽ ቀረች፤ አለቃው ቀጣት። ቅጣቷን ስታርም የቤቱ ሥራ ተጠራቀመና ደግሞ ቀረች፤ ደግሞ ቀጣት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው። ሰዎች ተዋት ቢሉት፣ ለእሷ ካደላሁ ነገ ማን ይመጣል አላቸው። እውነቱን ነበር። ልጅቱም ሳትከራከር አጎንብሳ የሰው ማሳ አጸዳች። የእሷ ተራ ሳይደርስ ወቅቱ አለፈ።

አጨዳ ሲደርስ እንደገና ቀረች። አለቃው ተቆጥቶ ቤቷ ድረስ ሄደ። መንገድ ላይ ማሳዋን አየው፤ ጤፉን አረም ውጦታል። እናትየዋ ከተኛችበት ቀና ለማለት ሞክራ አልቻለችም።

«አያ፣ ልጄ ከተማ ሰው ቤት ተቀጠረች» አለችው። «የሚታጨድ የለንም። ቀረች ብላችሁ ስትቀጧት፣ ምን አስቀራት ብሎ እዚህ ደጅ የመጣ ሰው አልነበረም።»

ውሃ ልቅዳልሽ ሊላት አሰበና አፈረ።

መምሬ ወደ ዳኛው ዞሩ። «ልጄ፣ ያቺ ኮረዳ አንተ ፊት የቆመችው ናት፤ ማሳዋም ትምህርቷ ነው። ጊዜ አጥታ የቀረችን ልጅ፣ የቀራትን ጊዜ ወስደህ ልትቀጣት ነው። ብታስራት ሕጉ ይከበራል፤ እሱን አልክድህም። ግን ቤቷን ታውቀዋለህ?»

ዳኛው አላውቀውም አለ።

«እንግዲያው ከመፍረድህ በፊት ሂድ። ያ ሰው የሄደው አጨዳ ላይ ነው፤ አንተ ገና አረም ላይ ነህ።»